ሚዛኑ ራሱ ይመዘን፤ ስለ እንስሳት ሕክምና ቴክኒሺያን ዲግሪ ወጪና ገቢ የቀረበ ትችት

ትምህርትን በገንዘብ መመዘን ነውር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የትምህርታቸውን ክፍያ ሌላ ሰው የከፈለላቸው ናቸው። ከኪሱ ከፍሎ፣ ያውም ተበድሮ የሚማር ሰው ግን ከመመዝገቡ በፊት ወጪውንና ገቢውን ቢያመዛዝን የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ክርክር መመዘን ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ አይደለም። ክርክሩ ሚዛኑ ራሱ ትክክለኛ ነው ወይ በሚለው ላይ ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነኝ አንድ የማስታወቂያ ወረቀት ነው። በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የምትኖር የአክስት ልጅ አለችኝ፤ በዕድሜ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። በአንድ የውሻና የድመት ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ተቀጥራ ትሠራለች። እንስሳቱን ትይዛለች፣ ታጥባለች፣ ሐኪሙ ሲመረምር ታግዛለች፣ ሲመሽም ወለሉን ትወለውላለች። ይኸን ሥራ ትታ ሁለት ዓመት ብትማርና የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሺያን ብትሆን ይሻላት እንደ ሆነ ታስብ ጀምራለች። አንድ ትምህርት ቤት ያሳተመውን ወረቀት በስልኳ ፎቶግራፍ አንሥታ ላከችልኝና «አንተ ኢኮኖሚክስ ትማር የለም ወይ፤ እስቲ ይኸን ሂሳብ እየው» አለችኝ። አየሁት። ቁጥሮቹ ሐሰት አይደሉም፤ ሂሳቡ ግን ሐሰት ነው። እውነተኛ ቁጥር ይዞ ሐሰተኛ ሂሳብ መሥራት እንደሚቻል ማየቱ ለእኛም ለተማሪዎች የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ነገሩን እዚህ አቀርበዋለሁ።

የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሺያን በሰው ሆስፒታል ውስጥ ነርስ እንደ ማለት ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ደም ይቀዳል፤ በደም ሥር የሚገባውን ቱቦ ያስገባል፤ ራጅ ያነሣል፤ በላቦራቶሪ ይመረምራል፤ የእንስሳቱን ጥርስ ያጸዳል፤ በቀዶ ጥገና ጊዜ ማደንዘዣውን ይቆጣጠራል። በሽታውን ለይቶ መናገር፣ መድኃኒት ማዘዝና ቀዶ ጥገና ማድረግ ግን የሐኪሙ ብቻ ነው። ሙያው በአሜሪካም ቢሆን ብዙ የቆየ አይደለም። በኮሌጅ ደረጃ ማስተማር የተጀመረው በ1961 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ስቴት በዴልሂ በሚገኘው የመንግሥት ኮሌጅ ነው፤ ዛሬ የሚጠራበትንም ስም ያገኘው በ1989 ነው፤ ከዚያ በፊት «የእንስሳት ቴክኒሺያን» ብቻ ይባል ነበር። ለትምህርት ቤቶቹ ዕውቅና የሚሰጠው የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ነው። ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ያህል የተማረ ሰው ብሔራዊውን ፈተና ካለፈ በኋላ ከሚኖርበት ስቴት ፈቃድ ወይም ምዝገባ ያገኛል።

የወረቀቱ ሂሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። የቴክኒሺያኖች መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 45,980 ዶላር ነው፤ የሁለቱ ዓመት ትምህርት የሚያስወጣው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ተማሪው ያወጣውን በመጀመሪያው የሥራ ዓመት ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። የደመወዙ ቁጥር የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2024 ያወጣው ነው። መካከለኛ ማለትም ሠራተኞቹ ሁሉ በደመወዛቸው ቅደም ተከተል ቢሰለፉ፣ እሰልፉ መካከል ላይ የሚቆመው ሰው የሚቀበለው ማለት ነው። ግማሾቹ ከዚህ በታች ያገኛሉ ማለት ነው፤ አዲስ ተመራቂ ደግሞ ከየትኛው ግማሽ እንደሚጀምር መገመት አያስቸግርም። ከዚህም በላይ ቢሮው የሁለት ዓመት ዲግሪ ያላቸውንና አራት ዓመት ተምረው ቴክኖሎጂስት የሚባሉትን አንድ ላይ ይቆጥራል። ወረቀቱ ይኸን አልተናገረም። ለጊዜው ግን ይኸንንም እንለፈውና ቁጥሩን እንዳለ እንቀበለው።

ዋናው ስሕተት ሌላ ነው፤ ይኸውም ደመወዙን በሙሉ የዲግሪው ፍሬ አድርጎ መቁጠሩ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን የሂሳብ መምህር አንድ ተማሪ «ይኸ ትልቅ ነው» ባለ ቁጥር «ከማን ይበልጣል?» ብለው ይጠይቁት ነበር፤ ተማሪው ካልመለሰ ቁጭ አይልም። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው በእኚህ መምህር ፊት ቢቆም ኖሮ እስከ ደወል ድረስ ቆሞ ይቀር ነበር። ደመወዙ በሙሉ የዲግሪው ፍሬ እንዲሆን ዲግሪ የሌለው ሰው ምንም የማያገኝ መሆን አለበት። የአክስቴ ልጅ ግን ዛሬም ደመወዝተኛ ናት። ያው ቢሮ በዚያው ወር የእንስሳት ሕክምና ረዳቶችን፣ በላቦራቶሪ እንስሳትን ከሚጠብቁት ጋር ደምሮ፣ መካከለኛ ደመወዛቸው 37,320 ዶላር እንደ ሆነ መዝግቧል። ለዚህ ሥራ ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ ይበቃል። እንግዲህ ዲግሪው የሚጨምርላት 45,980 ሳይሆን የሁለቱ ልዩነት ነው፤ እሱም 8,660 ዶላር ነው። ይኸውም ግብር ሳይቀነስ በወር 720 ዶላር ገደማ ይሆናል።

ሁለተኛው ስሕተት በወጪው በኩል ነው። ወረቀቱ ወጪ ብሎ የቆጠረው ለትምህርት ቤቱ የሚከፈለውን ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለውን ያውቃል፤ ተማሪው የሚያጣውን ግን አያውቅም፤ ወይም ማወቅ አይፈልግም። በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሚባሉት የሕዝብ ኮሌጆች ለአካባቢው ነዋሪ የሚጠየቀው ክፍያ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት እንዳወጣው በ2024 እስከ 2025 የትምህርት ዘመን በአማካይ 4,050 ዶላር ነበር። የሁለት ዓመቱ 8,100 ይሆናል። ይኸ ለአገሩ ከባድ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን የአክስቴ ልጅ ሥራዋን ለቃ ብትማር በሁለቱ ዓመት ውስጥ ሳትቀበለው የሚቀረው ደመወዝ 74,640 ዶላር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 82,740 ይሆናሉ። ይኸን በ8,660 ብናካፍለው ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይመጣል። ወረቀቱ አንድ ዓመት ያለው ማለት ነው። የመጽሐፉን፣ የመጓጓዣውንና የብድሩን ወለድ ገና አልነካሁም። ትምህርት ቤቱ የግል ሆኖ ክፍያው፣ እንበልና፣ በጠቅላላው 30,000 ዶላር ቢሆን ደግሞ ዓመቱ ወደ አሥራ ሁለት ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ አንባቢው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከወጪው ውስጥ ትልቁ ክፍል፣ ከአሥር እጅ ዘጠኙ፣ ለትምህርት ቤት የሚከፈለው አይደለም፤ ሲማሩ የሚታጣው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ርካሽ ትምህርት ቤት መፈለግ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ሂሳቡን የሚገለብጠው እሱ አይደለም።

ልዩነቱም ቢሆን እንደ ዐለት የቆመ ነገር አይደለም። በሜይ 2022 የቴክኒሺያኖች መካከለኛ ደመወዝ 38,240፣ የረዳቶች 34,740 ነበር፤ ልዩነቱ 3,500 ዶላር ብቻ ማለት ነው። በዚያ ልዩነት ቢሰላ ከላይ የተመለከተውን 82,740 ለመመለስ ከሃያ ሦስት ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ከ2022 እስከ 2024 ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ማደጉ ለሙያው የሚያስደስት ነው። ሆኖም በሁለት ዓመት እንዲህ የተለዋወጠን ቁጥር ለሃያ ዓመት የሚቆይ አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ እኔም ራሴ ከላይ ያቀረብኩትን ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ እንደ መጨረሻ ፍርድ አላየውም።

ወረቀቱ በትልልቅ ፊደል ያሳተመው ሌላ ነገር የሥራውን ዕድገት ነው። ቢሮው ከ2024 እስከ 2034 ባለው ጊዜ የቴክኒሺያኖች ቁጥር በመቶ 9 እንደሚያድግ፣ በየዓመቱም ወደ 14,300 የሚሆን ክፍት ቦታ እንደሚገኝ ተንብዮአል። ይኸን ያነበበ ሰው ሙያው በፍጥነት እየሰፋ ነው ብሎ ይደሰታል። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሠራተኞቹ ቁጥር 130,000 አልፎ ጥቂት ነው፤ ከዚህ ላይ በመቶ 9 ማለት በአሥር ዓመት ውስጥ 12,000 ያህል፣ በዓመት 1,200 ያህል አዲስ ቦታ ማለት ነው። የቀረው 13,000 በየዓመቱ ከየት ይመጣል? ሙያውን ለቀው ወደ ሌላ ሥራ ከሚሄዱትና ጡረታ ከሚወጡት ነው። ከአሥር ክፍት ቦታ ዘጠኙ ያህል የተከፈተው ሰው ስለ ወጣበት ነው። ሰው የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትም በር መሆኑን ወረቀቱ አላሳየም። ይኸ ደግሞ በቀጥታ ሂሳቡን ይነካል፤ ወጪውን ለመመለስ ዘጠኝ ዓመት የሚፈጅ ከሆነ፣ በአምስተኛው ዓመት ሥራውን የለቀቀ ሰው ከስሮ ወጣ ማለት ነው። ለምን እንደሚለቁ መገመት ይቻላል። ሥራው ወገብ ይሰብራል፤ ውሻ ይነክሳል፣ ድመት ይቧጭራል፤ ጌታው ገንዘብ በማጣቱ ሊድን የሚችል እንስሳ በመርፌ እንዲሞት ሲደረግ ይዞ የሚቆመው ቴክኒሺያኑ ነው።

ደመወዙ ዝቅ ያለበትን ምክንያት ለመረዳት ከጎረቤት ሙያ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የሰውን ጥርስ የሚያጸዱት የጥርስ ንጽሕና ባለሙያዎችም በአብዛኛው የሁለት ዓመት ዲግሪ ይዘው የሚሠሩ ናቸው፤ መካከለኛ ደመወዛቸው ግን በዚያው በሜይ 2024 94,260 ዶላር ነበር፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። አንድ ዓመት ያህል ተምረው የሚመረቁት ረዳት ነርሶች እንኳ 62,340 ያገኙ ነበር። የትምህርቱ ርዝመት ተመሳሳይ ወይም ያነሰ ሆኖ ደመወዙ እንዲህ የሚራራቀው ስለ ምንድን ነው? አንደኛ፣ የሰውን ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ነው፤ የውሻን ሕክምና የሚከፍለው ግን በአብዛኛው ጌታው ከኪሱ ነው፤ ዋጋው ሲበዛ ይቀርበታል። ሁለተኛ፣ በብዙ ስቴቶች ሕጉ የሙያውን ስም ቢጠብቅም ሥራውን ግን አጥብቆ አይጠብቅም፤ ረዳቱ ከቴክኒሺያኑ ጎን ቆሞ ከሥራው ብዙውን ይሠራል። አሠሪው ያለ ዲግሪ ማሠራት ከቻለ ለዲግሪው ብዙ ሊጨምር አይገደድም።

ይኸን ለአክስቴ ልጅ በስልክ ስነግራት ሳቀችና «የሰው አፍ ሳይ ልዋል ነው የምትለኝ?» አለችኝ። ያደገችው ደብረ ብርሃን አጠገብ ከላምና ከበግ ጋር ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ክርክሩን ይዘጉታል፤ እንስሳን የሚወድ ሰው ገንዘብ አይቆጥርም ይላሉ። እኔ ግን የመምህራችንን ጥያቄ እዚህም እጠይቃለሁ። እንስሳ መውደድን በተመለከተ ዛሬም ቀኑን ሙሉ ከእንስሳት ጋር ናት፤ ዲግሪው ይኸን አይጨምርላትም። የሚጨምርላት ሌላ ነው፤ ዛሬ ወለል በምትወለውልበት ሰዓት ማደንዘዣ ትቆጣጠራለች፤ ደሙን በማይክሮስኮፕ ራሷ ታያለች፤ የምትሠራውን ለምን እንደምትሠራ ታውቃለች። ይኸ ዋጋ አለው፤ ትልቅ ዋጋ አለው። በዶላር ልተምነው አልችልም፤ ሆኖም ሰው የሥራ ፍቅር ስላለው ብቻ በደመወዝ ሊበደል ይገባል የሚለውን አልቀበልም። ይኸ አነጋገር አሠሪዎችን በጣም እንደሚመቻቸውም ልብ ማለት ይገባል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ዲግሪውን ለመንቀፍ የተጻፈ ይመስል ይሆናል፤ አይደለም። ያው ሂሳብ አንድ ነገር ቢለወጥ ፊቱን ያዞራል። ግማሽ ቀን እየሠራች ብትማር የምታጣው ደመወዝ 37,320 ብቻ ስለሚሆን ወጪዋ በአምስት ዓመት ከሩብ ይመለሳል። ሙሉ ቀን እየሠራች ብትማርና ክፍያው ያው 8,100 ቢሆን ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል። የወረቀቱ አንድ ዓመት እውነት የሚሆነው ለእንደዚህ ያለች ተማሪ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ የተጻፈው ግን ሥራ ለቀው በቀን ለሚማሩ ነው።

እየሠሩ የሚማሩበት መንገድ አለ። በቨርጂኒያ የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በላውደን ግቢው ይኸን ትምህርት ያስተምራል። በኢንዲያና የሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲና በኒውሜክሲኮ የሚገኘው ሳን ዋን ኮሌጅም ከማኅበሩ ዕውቅና አግኝተው በርቀት ያስተምራሉ። የርቀቱ ተማሪ ንባቡን በቤቱ ያነባል፤ የእጅ ሥራውን በክሊኒክ ውስጥ በባለሙያ ፊት ሠርቶ ያሳያል። አስቸጋሪው ነገር መሠራት ካለባቸው ሥራዎች ውስጥ የፈረስና የላም መኖሩ ነው፤ ውሻና ድመት ብቻ በሚታከምበት ክሊኒክ የምትሠራ ልጅ ሌላ ቦታ ፈልጋ መሄድ አለባት። ላም ስታልብ ያደገች ልጅ በቨርጂኒያ ላም ፍለጋ ስትዞር ማሰብ ያስቃል፤ ለእሷ ግን ከፈተናው ሁሉ የሚቀላት ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም። በካሊፎርኒያ ደግሞ ዲግሪው ሳይኖር በሐኪም ቁጥጥር 4,416 ሰዓት የሠራና 20 ክሬዲት የተማረ ሰው ለብሔራዊው ፈተና የሚቀርብበት ሕግ አለ። ይኸ ሰዓት በሙሉ ቀን ሥራ ሁለት ዓመት ከጥቂት ነው፤ ደመወዝ እየተከፈለው። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር ምስክር ወረቀቱን ላይቀበሉት ይችላሉ፤ ስለዚህ ለቨርጂኒያዋ ልጅ አልመከርኩትም።

ሥራና ትምህርት አንድ ላይ ቀላል ነው ብሎ የሚናገር ግን አልሞከረውም። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የአዳሪነት ክፍያዬን በከፊል የምሸፍነው ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱን ላሞች በማለብ ነበር። ክፍያው ተሸፈነ፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይሰጥ ከነበረው የታሪክ ትምህርት ግን የማስታውሰው ጥቂት ነው።

ይኸን ሂሳብ ወስዶ በአገራችን ላይ የሚለጥፍ አንባቢ እንዳይኖር አንድ ቃል ልጨምር። በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ከተከፈተበት ከ1979 በፊትም ሆነ በኋላ በአገራችን የሰለጠነው የእንስሳት ጤና ረዳት ሥራው ከአሜሪካኑ ቴክኒሺያን ይለያል። ሐኪም በሌለበት ወረዳ ብቻውን ይመረምራል፣ ብቻውን ያክማል። ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጉ የቀንድ ከብቶች ባሉበት አገር ያንድ ገበሬ በሬ በእርሻ ወራት ከሞት ቢተርፍ ትርፉ የሚታየው በገበሬው ጎተራ እንጂ በረዳቱ ደመወዝ ላይ አይደለም። በደመወዝ ልዩነት ብቻ የሚለካ ሰው እዚህ አብዛኛውን ጥቅም ሳያየው ያልፋል። ይኸ ሌላ ጥናት የሚጠይቅ ነው።

ለአክስቴ ልጅ የጻፍኩላት ምክር አጭር ነበር። ሥራሽን አትልቀቂ፤ ከመመዝገብሽም በፊት አሠሪሽን «ዲግሪውን ይዤ ብመጣ በሰዓት ስንት ትጨምርልኛለህ?» ብለሽ ጠይቂው። በአገር ሁሉ መካከለኛ ከሆነው ቁጥር ይልቅ ለአንቺ የሚጠቅመው የሱ መልስ ነው። ጠየቀችው። ሁለት ዶላር አላት። ይኸ በሙሉ ቀን ሥራ በዓመት 4,160 ዶላር ነው፤ ከ8,660 ግማሹን እንኳ አይሞላም። ባለፈው ሳምንት ስትደውልልኝ ያንኑ ጥያቄ ይዛ ወደ ሁለተኛ ክሊኒክ ልትሄድ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ፈረስም ያክማሉ አለችኝ።